ሽማግሌው መኪና ሁዳዴን እንደ ጾመ

የሚሠራ ሁሉ ይበላል። በሬው ጭዱን፣ በቅሎዋ ገብሷን፣ ዳኛውም የሚበላውን ይበላል። ብረት ብቻ አይበላም የሚል ሰው ካለ፣ ያ ሰው ከብረት ጋር አንድ ቤት ኖሮ አያውቅም። እኔ ኖሬአለሁ። ያገባሁት እርግጥ ደምሴን ነው፤ ነገር ግን በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ደምሴ አንድ የሚበላ ብረት ይዞብኝ መጣ። ያመጣብኝ ሴት ብትሆን ኖሮ ዘመድ ጠርቼ እከስ ነበር። ብረትን ግን ማን ፊት ያቆሙታል?

ደምሴ ካረፈ ዓመት አለፈው። ተዝካሩን በጥር አወጣሁ፤ የመጣው ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር አለ፣ ሄደ። አሁን ሁዳዴ ገብቷል፤ ቤቱም ጸጥ ብሏል። አባቴ ቄስ ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልወለዱ ዳዊቱን ለእኔ አስተማሩኝ፤ ጽሕፈቱንም ጨመሩልኝ። ደምሴ በዚህ የተነሣ ሲቀልድ «ደብተራዬ» ይለኝ ነበር። እንግዲህ ደብተራዋ ብራናዋን ቆርጣ ተቀምጣለች። ሌላዋ ባሏን ስታስብ በጦር ሜዳ የጣለውን ትቆጥራለች። የእኔ ባል አንድም ሰው አልጣለም፤ ዕድሜውን የፈጀው ብረት ዘይት ሲያጠጣ ነው። ታዲያ ይህን እኔ ካልጻፍኩት ማን ይጽፈዋል?

ደምሴ እዚህ አንኮበር የደጃዝማቹ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር። ምላጩ የተሰበረ፣ አፈሙዙ የጎበጠ፣ ባለቤቱ ሰክሮ የተቀመጠበት ጠመንጃ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። አንድ ዓመት በአዳል በረሃ በኩል አንድ ፈረንጅ መጣና ለደጃዝማቹ አንድ አሮጌ መኪና አበረከተ። መኪናው በእንፋሎት የሚሠራ ነው፤ ባሕር ላይ አንዲት ትንሽ ጀልባ ሲገፋ ኖሮ ጀልባዋ ስትሰበር የተረፈ ነው አሉ። ግመል ከአልዩ አምባ ወዲህ ዳገቱን አትወጣም፤ ስለዚህ ተበታትኖ በሰው ጀርባ ወጣ። ሲገጣጠም ሁለት ቁራጭ ብረት ተረፈ። ፈረንጁ «አያስፈልጉም» አለ። ደምሴ ግን በጨርቅ ቋጥሮ አስቀመጣቸው፤ ይኸው ዛሬም ሳጥኔ ውስጥ አሉ፤ ዛሬም አላስፈለጉም።

የተተከለው ቁልቁል ወንዙ ዳር፣ ከደጃዝማቹ ወፍጮ አጠገብ ነበር። የውሃ ወፍጮው በበጋ ወንዙ ሲደርቅ ይተኛል፤ ሁዳዴ ደግሞ የሚውለው በበጋ ነው። ሽሮና ቂጣ በሚፈለግበት ጊዜ ወፍጮ መተኛቱ ደጃዝማቹን ሲያበሳጫቸው ኖሯል። ይህ መኪና ግን ውሃ ሲፈላለት ይሠራል። ጋን በሚያህል ብረት ውስጥ ውሃው ይፈላል፤ እንፋሎቱ በብረት አፎት ውስጥ ያለውን ዘነዘና ወዲያና ወዲህ ይገፋል፤ ዘነዘናው መንኮራኩሩን፣ መንኮራኩሩ ወፍጮውን ያዞራል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሙቀጫና ዘነዘና የምታውቅ ሴት ሁሉ በአንድ ዓይን ታየዋለች፤ ያማተቡት ወንዶቹ ናቸው።

ፈረንጁ ሦስት ወር ደምሴን አስተማረና አገሩ ናፍቆት ወረደ። ለእኛ የተወልን መኪናውን፣ አንድ መዶሻና ግማሽ ጣሳ ዘይት ነው። ደጃዝማቹ ደምሴን አስጠርተው ከወፍጮው በላይ ያለችውን ይህችን ቤትና ከጀርባዋ ያለውን ማሳ ማደሪያ ሰጡት። እስከዚያ ድረስ በሰው ጓሮ ተጠግተን፣ የሰው ዶሮ እንኳ እየተቆጣችን ነበር የምንኖረው። «ዱቄት እስካለ ቤቱ አለ፤» አሉት ደጃዝማቹ፣ «ዱቄቱ የቀረ ቀን ግን ጠመንጃዬን ተሸክመህ ትከተለኛለህ፤ ሚስትህም ወደ አባቷ።» ደምሴ መሬት ስሞ ወጣ። እኔ በዚያው ሳምንት ጓሮው ላይ ጌሾ ተከልሁ። ጌሾ የሚተክል ሰው ለመሄድ አያስብም።

ደምሴ መኪናውን «ሽማግሌው» ብሎ ሰየመው። ስሙም ልኩ ነበር። ጠዋት ለመነሣት ይለመናል፤ ከተነሣ በኋላ ያስላል፣ ያጨሳል፣ ያጉረመርማል፤ ያጠጡትንም ግማሹን ጢሙ ላይ ያፈሰዋል። አንድ ቁና እህል እስኪፈጭ አንድ ጭልፋ ዘይት ይጠጣ ነበር። ግማሹ በጭስ ይሄዳል፤ ግማሹ በየመገጣጠሚያው እየተንጠባጠበ መሬት ይወርዳል። እኔ አንጀቴ እያረረ «ይህ ሰውዬ ቀዳዳ ነው፣ ድፈነው እንጂ» እለው ነበር። በሰው ፊት «አንቱ» ብለውም ጓዳ ውስጥ «አንተ» ነበር የምለው። እሱ ሲስቅ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። «ደብተራዬ፣ ሲንጠባጠብ አትፍሪ» ይለኛል። «መንጠባጠቡን ሲያቆም ነው መፍራት። ያን ጊዜ ውስጡ ምንም የለም ማለት ነው።»

የፈረንጁ ዘይት በወሩ አለቀ። ደምሴ ምን ይስጠው? አሰበና የበግ ላት ሰጠው። ከሰላ ድንጋይ የሚመጣ በግ ጅራቱ ሌላ በግ ያህላል፤ ያንን ላት እያቀለጥሁ በጋን አስቀምጥለታለሁ፤ ሽማግሌውም እንደ ሠርገኛ ይጠጣል። ከመስከረም እስከ ጥር ሳያጓድል ፈጨ። ቤታችንም፣ እኔም፣ ደምሴም፣ ድመቲቱም ላት ላት ሸተትን። ማንም ምንም አላለም፤ የፍስክ ወራት ነው፤ ይልቁንም ከቤታችን የሚያልፍ ሰው እርምጃውን ያዘገይ ነበር።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

አንኮበርን የሚያውቅ ሰው ነፋሱን ያውቀዋል። ከቆላው ተነሥቶ ገደል ገደሉን ይወጣል፤ ከታች የተጠበሰውን ሁሉ ከላይ ላለው ሰው ያቀርባል። እና እስቲ አስቡት፤ አገር ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የተቀቀለ ባቄላ ቆርጥሞ ሊያድር ሲዘጋጅ፣ ከእኛ ዘንድ የተጠበሰ ላት ሽታ እየተግተለተለ ይወጣል። ሰኞ ወጣ። ማክሰኞ ወጣ። ረቡዕ ዕለት ጎረቤቴ ውሃ ስንቀዳ ጠጋ አለችኝና «ምነው እቴ፣ እናንተ ዘንድ ፋሲካ ቀድሞ ገባ?» አለችኝ። እኔም ቅን ነኝና «የለም፣ የሚበላው ብረቱ ነው» አልኋት። እንስራዋን አዘለችና «ይሁን፤ እኛም ቤት የሚበላው ድመቱ ነው» ብላኝ ሄደች።

ነገሩ አባ ኪዳኔ ዘንድ ለመድረስ ሦስት ቀን አልፈጀበትም። አባ ኪዳኔ የእኛም የደጃዝማቹም የነፍስ አባት ናቸው። ረጅም፣ ከሲታ፣ በጾም ቀልድ የማያውቁ፣ በሌላው ግን ደግ ሰው ናቸው። በቅዳሜ ወርደው ወፍጮው ዘንድ መጡና ቆሙ። አሸተቱ። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደገና አሸተቱ፤ ሁለተኛውስ ለምርመራ ብቻ አልመሰለኝም። በዚያው ቅጽበት ሽማግሌው ሳል መጣበትና አንዲት ጠብታ ላት ወደ ዱቄቱ ዳር ተፋ። አባ ጠብታዋን በመቋሚያቸው ጫፍ አሳዩንና «ሕዝቡ እንግዲህ በቂጣው ውስጥ ላት እየበላ ነው የሚጾመው» አሉ።

ደምሴ ተከራከረ። መኪና ነፍስ የለውም፣ አልተጠመቀም፣ ሥጋ ወደሙም አይቀበልም፤ ታዲያ ጾም ምኑ ነው? አባ ይህን ሲጠብቁ የነበሩ ይመስል «የነነዌ ሰዎች ሲጾሙ ከብቶቻቸው ተጠምቀው ነበር?» አሉት። «በሬው ጾሟል፤ በጉም ጾሟል። የነነዌ አህያ የጾመችውን የአንኮበር ብረት ይበልጣታል?» ደምሴ ዞሮ እኔን አየኝ። ዓይኑ «ደብተራዬ፣ አድኚኝ» ይል ነበር። ምን ላድርግ? መጽሐፉ እንዲያ ይላል። ሰውም እንስሳም አንዳች አይቅመሱ ተብሎ ተጽፏል። «ተጽፏል» አልሁ። ያን ቀን ደምሴ ማንበቤን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠየፈው።

ፍርዱ ተፈረደ። እስከ ፋሲካ ሽማግሌው ከእንስሳ የወጣ ነገር አይቀምስም፤ በወፍጮውና በእሱ መካከልም ቁርበት ይጋረዳል፤ ይህን ያፈረሰ ግዝት አለበት። ቁርበቱን እኔው ጋረድሁ። ላቱንም አፉን ከድኜ ጓዳ አስቀመጥሁ። ሽማግሌው ከቅድስት እሑድ ማግስት ጀምሮ ቅባ ኑግ መጠጣት ጀመረ።

ቅባ ኑግ ስታዩት እንዴት የዋህ ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት ሽማግሌው ደኅና ዋለ፤ ሽታውም የጾም ወጥ ሽታ ሆነ፤ ጎረቤቴም ሰላምታዋን መለሰችልኝ። ከዚያ በኋላ ግን ማቃሰት ጀመረ። ደምሴ መጠጡ አንሶት ይሆናል ብሎ ሁለት ጭልፋ አደረገለት። ባሰበት። ሦስት አደረገለት። ያኔማ እንደ ሙጫ ተጎተተ። ኑግ ከሙቀት ጋር ሲውል ሙጫ እንደሚሆን የማያውቅ ማነው? ድስት አጥቦ የማያውቅ ወንድ ነዋ። በድስቱ ከንፈር ላይ የቀረችውን የኑግ ጠብታ በጥፍሬ ስፍቅ ስንት ዓመቴ ነው። ግን ማን እኔን ጠየቀ? ይልቁንስ የሚያሳፍረው፣ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

አንድ ቀን ወርጄ ሳይ ደምሴ ከሽማግሌው ሥር ተንበርክኮ መሬቱን ይዳስሳል። «ምን ጠፋብህ?» ብለው «ጠብታው» አለኝ። መሬቱ ደረቅ ነበር። ከኒቆዲሞስ ማግስት ሰኞ ጠዋት ዘነዘናው በአፎቱ ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። ሽማግሌው ዝም አለ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ዝምታ ሰምቻለሁ፤ ዓመት ሙሉ ደግሞ ሌላ አልሰማሁም፤ እንደዚያ ቀን ያለ ዝምታ ግን ያስደነገጠኝ የለም።

ደጃዝማቹ ወዲያው ሰሙ። ለሰሙነ ሕማማት የሚሆነው ሽሮና ቂጣ፣ ለፋሲካውም ግብር የሚሆነው ዱቄት ገና አልተፈጨም፤ ፈጪዎቻቸው ከሠራዊቱ ጋር ወርደዋል። መልእክታቸው አጭር ነበር። «እስከ ሆሳዕና ዋዜማ ዱቄት ካልገባ ቤቱን ለሌላ እሰጠዋለሁ።» ሰኞ ነው፤ ሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነው። ደምሴ ምሳውን አልበላም፤ ጾም ስለሆነ ማንም አላየበትም እንጂ። ላቱ ጓዳ ውስጥ አለ፤ ግዝቱም ላዩ ላይ አለ። ቤቱን ለማዳን ነፍሱን ይሽጥ፣ ነፍሱን ለማዳን ቤቱን ይልቀቅ? እኔ ጓሮ ወጥቼ ጌሾውን አየሁ። ሦስት ቅጠል አውጥቶ ነበር።

ግን ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ? ማክሰኞ ሐጂ ዑመር መጡ። ሐጂ የአልዩ አምባ ነጋዴ ናቸው፤ ጨው ይዘው በየሳምንቱ ዳገቱን ይወጡና ከእኛ ቤት በር ላይ አርፈው ውሃ ይጠጣሉ። ደምሴን ሲያዩት «ማን ሞተ?» አሉ። «ሽማግሌው» አላቸው። ወርደው አዩት። ከመገጣጠሚያው ላይ የረጋውን ኑግ በሁለት ጣታቸው መካከል አሹና ጣቶቻቸውን ለማላቀቅ ተቸገሩ። «ወላሂ እናንተ ደገኞች ጉድ ናችሁ» አሉ። «ወጥ የሚሠራበትን ለብረት ትሰጣላችሁ። ለብረት የሚሆነው ጉሎ ነው። እኔ ባሕሩ ዳር የጀልባ ሰዎች ሲያጠጡት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሙቀት አያቀጥነውም፣ እንደዚህም አይሆንም። ጉሎ ደግሞ እኛ ዘንድ በየአጥሩ ነው። ፍየል እንኳ አትበላውም።» ደምሴ ቀና ብሎ «ለጾምስ?» አላቸው። ሐጂ ሳቁ። «ፍየል ያልፈቀደችውን የናንተ ቄስ ምን ብሎ ይከለክላል? እንጨት ላይ የሚበቅል ፍሬ ነው፤ አልሐምዱ ሊላህ። ብቻ ሆድ ውስጥ እንዳይገባ። ለብረትና ለጠፍር ነው።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ነውና ደምሴ በዚያው ሰዓት ከሐጂ ጋር ቁልቁል ወረደ። ረቡዕ ሁለት ስልቻ የጉሎ ፍሬ በጀርባው አዝሎ፣ ከንፈሩ በቆላ ፀሐይ ተሰነጣጥቆ ተመለሰ። እንግዲህ የእኔ ተራ ደረሰ። ፈለፈልሁ፣ አመስሁ፣ ወቀጥሁ፣ ቀቀልሁ፤ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን እየገፈፍሁ በቅል ሞላሁ። ደምሴ በበኩሉ ሽማግሌውን ፈታትቶ በፈላ የአመድ ውሃና በጭድ ሙጫውን ሲፍቅ ዋለ፤ ሐሙስንም ሲፍቅ ዋለ። ዓርብ ጠዋት ገጠመው። እሳት ተለኮሰ። ሽማግሌው አንዴ ሳለ፣ ሁለቴ ሳለ፣ ከዚያ ዘነዘናው ቅቤ ውስጥ እንደገባ ጣት ሄደ። ደምሴ ግን ዘነዘናውን አያይም፤ መሬቱን ነው የሚያየው። ጠብ አለ። አንዲት ወፍራም፣ ቢጫ ጠብታ። «ተንጠባጠበ» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው ወንድ «ወንድ ልጅ ተወለደ» የሚለውን ያህል።

አሁን ቤቱ ዳነ ትላላችሁ። ደጃዝማቹ ቤት ግን ያለ አባ ኪዳኔ ቃል ከዚያ ወፍጮ የወጣ ዱቄት ማንም አይነካም። ስለዚህ አባ ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ ለምርመራ ወረዱ። ቅሉን አነሡ፤ ዘይቱን ወዲያና ወዲህ አዘነበሉት። ወፍራም ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ይሳባል። «ይህ የቀለጠ ላት ነው» አሉ። «ጉሎ ነው አባ» አልን በአንድ አፍ። «ጉሎ ይህን ያህል አይወፍርም።» አሸተቱት፤ ሽታው ምንንም አይመስልም። እንግዲህ የጾም ነገር በምን ይለያል? በምላስ። ጣታቸውን አጥቅሰው ቀመሱ፤ ፊታቸው ተኮማተረ፤ ግን አልተረዱም። እኔ ቀስ ብዬ «አባ፣ ሐጂ ለሆድ አይሆንም ብለዋል» አልኋቸው። ምነው ዝም ባልሁ። ተቆጡ። «የሆዴን ነገር ሐጂ ሊነግረኝ? ልጄ፣ የሰው ቤት ግዝት በጣት ጫፍ አይፈታም» አሉና ጭልፋውን ተቀብለው ግማሽ ያህሉን ጨለጡት። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ያልገባበት ሆድ ነው። ቆመው አጣጣሙ። «ቅቤ አይደለም። ላትም አይደለም። ጾም ነው» አሉ፤ አማተቡበት፤ ሄዱ። ደምሴ በደስታ መሬት ሳመ። እኔ ግን የአባን ጀርባ እስከ ዳገቱ ራስ ድረስ ሸኘሁ፤ አረማመዳቸው ገና ደኅና ነበር።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ደጃዝማቹ ራሳቸው ከአሽከሮቻቸው ጋር ወረዱ። ሽማግሌው ሌት ተቀን ሲፈጭ አድሮ ዱቄቱ በየስልቻው ተደርድሯል። የቀረው የአባ ቃል ብቻ ነው። አባም መጡ። ትንንሽ እርምጃ እየረገጡ መጡ። ፊታቸው የአመድ ውሃ መስሏል። ደምሴ በጆሮዬ «ምን ሆነው ነው?» ቢለኝ «ሽማግሌው አሸንፏቸዋል» አልሁት። አባ ለደጃዝማቹ እጅ ነሡና አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እጃቸውን አንሥተው «ይቆዩኝ» አሉ፤ ከወፍጮው በላይ ወዳለው ትልቅ ጥድ ጀርባ ሄዱ። ተመለሱ። ደጃዝማቹ «እህስ አባ፣ ዱቄቱ…» ሲሉ አባ እንደገና ሄዱ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመለሱ ደጃዝማቹ «ምነው አባ፣ ከዚያ ጥድ ጀርባ ባሕታዊ አለ እንዴ?» አሉ። አሽከሮቹ መሬት መሬት አዩ። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስሁት። ወደው አይስቁ አሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ አባ ግን ጠርጥረው ነው የተመነጠሩት።

ነጠላዬን ግን ወዲያው ከአፌ አወጣሁት። አባ አንዲት ቃል «መርዝ ነው» ቢሉ ቤቱም፣ ማሳውም፣ ጌሾውም፣ ደምሴም ሄዱ። ማንም ሐሰት አይላቸውም፤ ሆዳቸው ምስክር ነው። አባ ደምሴን አዩት። ለሦስት ቀን ያልተኛ ዓይኑን አዩ። እኔን አዩኝ፤ ከዚያ እጄን አዩ፤ እጄ በጉሎ ልጣጭ ተፍቆ ደም ቋጥሮ ነበር። ከዚያ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቀጥ አሉ።

«ደጃዝማች» አሉ፣ «ዱቄቱ ንጹሕ ነው። ይህም ሽማግሌ ይጾማል፤ የሚጠጣውን እኔ ራሴ ቀምሻለሁ። እንደውም ከዘወረደ ጀምሬ ስለፋበት የነበረውን ጾም እሱ በአንድ ቀን አሟልቶልኛል፤ እንደ ዛሬ ባዶ ሆኜ ሆሳዕናን ተቀብዬ አላውቅም።»

ደጃዝማቹ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ከበቅሏቸው ላይ ሊወድቁ ደረሱ። እየሳቁ ዱቄቱን አስጫኑ፤ እየሳቁ ዳገቱን ወጡ፤ «ቤቱ የአንተ ነው» ያሉትንም እየሳቁ ነው ያሉት። ደምሴ የአባን ጉልበት ስሞ ይቅርታ ሲለምን አባ «ተወኝ ልጄ፣ አሁን ጉልበቴን አትንካው» ብለው ወደ ጥዱ አመሩ።

ፋሲካ ሲገባ አገር ሁሉ ገደፈ። ሽማግሌው ብቻ አልገደፈም። ደምሴ ወደ ላቱ ሊመልሰው አልፈለገም፤ ጉሎ ተስማምቶታል፤ ማልጎምጎሙንም ትቷል። እንዲህ ሆኖ በአንኮበር ዕድሜ ልኩን የጾመ ያ ብረት ብቻ ነው፤ መነኮሳቱ እንኳ በትንሣኤ ይገድፋሉ። አመሻሽ ላይ ደምሴ ከበሩ ተቀምጦ በገደሉ ላይ ክንፉን ዘርግቶ የሚንሳፈፈውን አሞራ እያየ «አንድ ቀን እንዲህ ያለ ሽማግሌ በአሞራ ሆድ ውስጥ ይገጥሙና ሰው ይበርበታል» ይለኝ ነበር። እኔም «እዚያ ላይ ዘይት ማን ያመላልስለታል? የሐጂ አህያ አትወጣ» እለዋለሁ። «ይዞት ይወጣል» ይለኛል። «ሲበር ያንን ሁሉ ዘይት በሚጋልበው ሰውዬ ፊት ላይ አይተፋም?» ስለው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። «ይተፋል» አለኝ። «ብቻ ጉሎ ከሆነ አፉን ይዝጋ።»

በየዓመቱ ጉሎ ለማምጣት ወደ ቆላ ይወርድ ነበር። አምና በመጸው ወርዶ ንዳድ ይዞት ወጣ፤ እስከ ጥር ታገለው፤ በጥር ንዳዱ አሸነፈው። ጉሎን ልርገም ብዬ አስቤ አውቃለሁ። ግን የተቀመጥሁበት ቤት በጉሎ የተረፈ ነው፤ ጌሾውም ዛሬ ከጣሪያው ይበልጣል። ደጃዝማቹ ንጉሡን ተከትለው ወደ እንጦጦ ሲሄዱ መኪናውን ረሱት፤ ቤቱን ግን «የደምሴ ሚስት ትቀመጥበት» ብለው ነበር የሄዱት። ሐጂ ለተዝካሩ ጨው ላኩ፤ ራሳቸውም መጥተው ከአጥሩ ውጭ ቆመው አለቀሱ። በየሳምንቱ ወርጄ ሽማግሌውን አንዳንድ ጠብታ ጉሎ አጠጣዋለሁ፤ አይሠራም፣ ግን እንዳይዝግ። ይህን የምጽፍበትም ቀለም ጥላሸቱ ከእሱ ጭስ መውጫ የተፋቀ ነው። ስለዚህ ሁሉ አመሰግናለሁ። የማመሰግነው ብዙ ስለሆነ ነው መሰለኝ ብራናው እያለቀብኝ ነው።

ትናንት አባ ኪዳኔ መጡ። አርጅተዋል፤ አሁን መቋሚያው ነው እሳቸውን የሚመራቸው። ዓይኔን አዩና «ልጄ፣ ዓመት ሞላሽ። ይህ እንባ አይበቃውም ወይ?» አሉኝ። እኔም የደምሴን ነገር ነገርኋቸው። ሲንጠባጠብ አትፍሪ ይል እንደነበረ፤ መንጠባጠቡን ያቆመ ቀን ነው ውስጡ ያለቀው ማለቱን። አባ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደገፉ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አሉ፤ «እንግዲያስ ይንጠብጠብ ልጄ። ይንጠብጠብ።» ባረኩኝና ተነሡ።

ደጁ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ከኩታቸው ሥር አንዲት ትንሽ ቅል አወጡና ፊታቸውን ወደ ጌሾው አዙረው «ለመቅረዜ የምትሆን ትንሽ ጉሎ ካለችሽ» አሉኝ። ከዚያ ዓመት ወዲህ ሁዳዴ በገባ ቁጥር ለመቅረዛቸው ጉሎ ይወስዳሉ። አባ መቅረዝ የላቸውም፤ ኖሯቸውም አያውቅ። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ እንደማውቅም እሳቸው ያውቃሉ። ቅሏን እስከ አፏ ሞልቼ ሰጠኋቸውና «ዘንድሮስ መቅረዙ እንዴት ሰነበተ አባ?» አልኋቸው።

«ምን ይሁን ልጄ» አሉኝ፣ «ሽንብራ አብዝቶ ደርቆ ሰነበተ።»